የካያክ ባትሪ ሣጥን

የካያክ ባትሪ ሣጥን በካያክ ላይ ለሚሠሩ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ኃይል የሚሰጠውን ባትሪ ከውሃ የሚጠብቅ፣ ክዳኑ በጎማ የታሸገ መያዣ ነው። በፋብሪካ የተሠራ ይሸጣል፤ ሆኖም በካያክ ዓሣ ከሚያጠምዱ ሰዎች መካከል ብዙዎች፣ በተለይ በሰሜን አሜሪካ፣ ከገበያ የገዙትን የፕላስቲክ ሣጥን በስተው ገመድ በማስገባት ራሳቸው ይሠሩታል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ውሃ የማያስገባ ተብሎ የተሸጠ ሣጥን የገመድ መውጫ በተበሳበት ቅጽበት ውሃ የሚያስገባ ይሆናል፤ ስለዚህ የሥራው ዋና ነገር ሣጥኑ ሳይሆን ቀዳዳው ነው።

ካያክና መሣሪያዎቹ

ካያክ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብና ቀላል ጀልባ ነው። የሠሩት እንደ ኢኑዊት፣ ዩፒክና አሌውት ያሉ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ሲሆኑ በእንጨት ወይም በአጥንት አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ለአደን ይጠቀሙበት ነበር። የዛሬው የዓሣ ማጥመጃ ካያክ በአብዛኛው ከፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ የሚቀረጽ ነው። ቀዛፊው ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በውስጡ ሳይሆን በላዩ ላይ ነው፤ ማዕበል የሚረጨው ውሃም በወለሉ ቀዳዳዎች ተመልሶ ይፈስሳል። በዚህ ምክንያት ወለሉ ከጠዋት እስከ ማታ እርጥብ ነው።

በካያክ ላይ በብዛት የሚታየው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ዓሣ ጠቋሚ ነው። ይህ መሣሪያ የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ልኮ ከወለሉና ከዓሣው ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ በስክሪን ያሳያል። ጂፒኤስ፣ መብራትና ትንሽ የውሃ ማውጫ ፓምፕም ይጨመራሉ። አብዛኞቹ የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። ካያክ እንደ ሞተር ጀልባ ባትሪውን እየሞላ የሚሄድ ዲናሞ ስለሌለው ጠዋት የተጫነው ባትሪ የቀኑ ኃይል ሁሉ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መብራት ለብቻው ይታያል። በ1972 የወጣው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ በ25ኛው አንቀጹ፣ በመቅዘፊያ የሚነዳ ጀልባ መደበኛውን መብራት ካላበራ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ ወይም የበራ ፋኖስ በእጅ አቅራቢያ እንዲይዝና ግጭት ከመድረሱ በፊት በጊዜው እንዲያሳይ ያዛል። ይህ የእጅ ባትሪ ከሣጥኑ ጋር ባይገናኝ ይመረጣል። ሣጥኑ ውሃ ገብቶበት ዓሣ ጠቋሚው ቢጠፋ የሚቀረው ዓሣው ነው፤ በጨለማ መብራት ቢጠፋ ግን ሌላ ጀልባ ካያኩን ላያየው ይችላል።

የባትሪው ምርጫ

በርካሽ የሚገኘው የታሸገ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ በጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ከተሠራው የመጀመሪያ የእርሳስ ባትሪ የመጣ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ 6 ሴሎች አሉት። የተለመደው ባለ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በቢሮ ኮምፒውተሮች ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው ያው ነው፤ ርዝመቱ 15፣ ስፋቱ 6.5፣ ቁመቱ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ ከ2 ኪሎግራም በላይ ይመዝናል።

በባትሪው ላይ የተጻፈው 7 አምፒር-ሰዓት የሚለካው በ20 ሰዓት አጠቃቀም ነው፤ ማለትም 0.35 አምፒር ለ20 ሰዓት። ፈጥኖ ሲወሰድበት የሚሰጠው ያንሳል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 0.5 አምፒር ለሚፈጅ ዓሣ ጠቋሚ ሊታሰብ የሚገባው 14 ሰዓት ሳይሆን 7 ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ቁሱን ለባትሪ ያበቁት በ1990ዎቹ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ጉዲናፍና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጉዲናፍ በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። 3.2 ቮልት ያላቸው 4 ሴሎች ተቀጣጥለው 12.8 ቮልት ይሰጣሉ። ተመሳሳይ አቅም ያለው ባትሪ ከእርሳሱ በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀልላል፣ አብዛኛውን ኃይሉን ሳይጎዳም ይሰጣል። ዋጋው ይበልጣል። ቮልቱ እስከ መጨረሻው ብዙም ሳይወርድ ቆይቶ በድንገት ስለሚወድቅም በቮልት መለኪያ ብቻ ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ ያስቸግራል። ሴሎቹን ከመጠን በላይ ከመሞላት፣ ከመራገፍና ከሾርት የሚጠብቅ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ያለው መሆን አለበት፤ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታችም ቻርጅ አይደረግም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎችን በእጅ ቀጣጥሎ ባትሪ መሥራት ለካያክ አይመከርም። እነዚያ ሴሎች በኬሚስትሪያቸው ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ሲጎዱም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፤ ከካያክ ላይ ደግሞ መሸሻ የለም።

ሣጥኑ

ለዚህ ሥራ የሚውሉት ክዳናቸው የጎማ ቀለበት ያለውና በመቆለፊያ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ሣጥኖች፣ የምግብ መያዣዎችና የወታደር የጥይት ሣጥኖች ናቸው። የጥይት ሣጥን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ብረት በመሆኑ ይዝጋል፣ የባትሪው ጫፍ ሲነካውም ሾርት ያደርጋል።

መጠኑ ሲመረጥ ባትሪው መግባቱ ብቻ አይበቃም። ካያክ ሲገለበጥ ሣጥኑ ቢፈታ መንሳፈፍ አለበት፤ ለመንሳፈፍም ከነባትሪው የሚመዝነው ከሚገፋው ውሃ ያነሰ መሆን ይኖርበታል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎግራም ስለሚመዝን ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የእርሳስ ባትሪ፣ ሽቦና ሣጥን በአንድ ላይ 3 ኪሎግራም ቢሆኑ የሣጥኑ ይዘት ከ3 ሊትር በልጦ ሊታይ ይገባል። ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 15፣ ቁመቱ 12 ሴንቲሜትር የሆነ ሣጥን 3.6 ሊትር ይሆናል። ባትሪው በውስጡ እንዳይንገላታ ዙሪያው በስፖንጅ ይሞላል። በካያኩ ላይ የሚቀመጠው ወደ መሐል መስመሩ ተጠግቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ብዙ ጊዜም ከመቀመጫው ኋላ ነው።

ቀዳዳው

ብዙዎች ቀዳዳውን በስተው፣ ገመዱን አሳልፈው፣ ክፍተቱን በሲሊኮን ይደፍናሉ። ይህ አሠራር ለሳምንታት ይሠራና ይከዳል። ምክንያቱ ሣጥኖቹ የሚሠሩባቸው ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን ሙጫ የማይዛቸው ፕላስቲኮች መሆናቸው ነው፤ ሲሊኮኑ ይደርቃል እንጂ አይጣበቅም፤ ገመዱ ጥቂት ጊዜ ሲጎተት እንደ ልጣጭ ይነሳል። ሌላም ችግር አለ። ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው የሲሊኮን ዓይነት አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ በታሸገ ቦታ መዳብን ይበላል። ሲሊኮን የግድ ከሆነ ይህ ሽታ የሌለው ዓይነት ይመረጣል።

የተሻለው መፍትሔ ኬብል ግላንድ ነው። ይህ በቀዳዳው ገብቶ ከውስጥ በዳዶ የሚታሰር፣ ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር በጎማ ሮንዴላ የሚገጥም፣ ከውጭ ያለው ክዳኑ ሲጠብቅ ደግሞ በውስጡ ያለውን ጎማ በገመዱ ዙሪያ የሚጨብጥ ትንሽ ዕቃ ነው። ውሃውን የሚከለክለው በመጫን እንጂ በመጣበቅ ስላልሆነ ፕላስቲኩ ሙጫ አለመያዙ አያሳስበውም። ፒጂ 7 የሚባለው መጠን ከ3 እስከ 6.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ይይዛል፤ ቀዳዳውም 12.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ በቀጭን መብሻ ተጀምሮ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ጠርዙም ይለሰልሳል።

ግላንድ የሚሠራው በክብ ገመድ ላይ ብቻ ነው። ቀይና ጥቁር ሽቦ ጎን ለጎን ቢገቡበት በመካከላቸው የሚቀረውን ጉድጓድ ጎማው አይሞላውም፤ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ክብ ሽፋን ውስጥ ያሉበት ገመድ ያስፈልጋል። ውሃ በገመዱ ውስጥም ሊጓዝ ይችላል። በውጭ ያለው ጫፍ ተገልጦ ከቀረ እርጥበቱ በቀጫጭኖቹ የመዳብ ክሮች መካከል፣ ልክ በፋኖስ ክር ላይ እንደሚወጣ ጋዝ፣ ተስቦ ሣጥኑ ውስጥ ይደርሳል። የውጩ ማያያዣም ውሃ የማያስገባ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ቀዳዳው በክዳኑ ላይ ሳይሆን በጎኑ የላይኛው ክፍል ይደረጋል። ክዳን በተከፈተ ቁጥር ገመዱን ያንገላታል፤ የጎኑ ታችኛ ክፍል ደግሞ ወለሉ ላይ የቆመው ውሃ የሚደርስበት ነው። ማብሪያ ማጥፊያ፣ የቮልት መለኪያና የዩኤስቢ መሰኪያ መጨመር ያምራል፤ ሆኖም እያንዳንዱ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ነው። ገመዱን ነቅሎ ማጥፋት የሚበቃ ከሆነ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ሣጥን ይሻላል።

ሙቀትና ግፊት

ሳይጠልቅ ውሃ የገባበት ሣጥን ሠሪውን ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አየሩ ነው። ክዳኑ ሣጥኑ በፀሐይ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀበት ሰዓት ተዘግቶ፣ ሣጥኑ ቆይቶ 15 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ በውስጡ የታሰረው አየር ይቀዘቅዛል። ከ313 ወደ 288 ኬልቪን መውረድ ግፊቱን በ8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህም 8 ኪሎፓስካል ያህል ነው። 80 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ውሃ የሚጫነው ይህንኑ ያህል ስለሆነ፣ ግድግዳው የማይታጠፍ ሣጥን በውሃው ገጽ ላይ እየተንሳፈፈም እንደጠለቀ ሆኖ ውሃን ወደ ውስጥ ይስባል። ለንጽጽር፣ አይፒ 67 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥበቃ ደረጃ የሚጠይቀው በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መቆየትን ነው።

ቀላሉ መላ ክዳኑን በጠዋት ቅዝቃዜ፣ በጥላ ሥር መዝጋት ነው። በፋብሪካ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ላይ አየር የሚያሳልፍ፣ ውሃ ግን የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይገጠማል፤ ይህ ሮበርት ጎር በ1969 በደረሰበት የተለጠጠ ፒቲኤፍኢ የሚሠራ ሲሆን ግፊቱን ከውጭው ጋር እኩል ያደርጋል።

ፊውዝና ሽቦ

ትንሽ የእርሳስ ባትሪ እንኳ ሾርት ሲሆን ከ100 አምፒር በላይ ሊለቅ ይችላል። ይህ በቀጭን ሽቦ ውስጥ ካለፈ ሽፋኑን አቅልጦ እሳት ያስነሳል፤ ሽቦው ያለው ደግሞ ከፕላስቲክ ጀልባ ጋር ተጠግቶ ነው። ስለዚህ ፊውዝ በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ለባትሪው በጣም ቀርቦ ይገባል። የአሜሪካ የጀልባና የያክት ምክር ቤት ደረጃ በመሠረታዊ ሕጉ ከባትሪው ከ7 ኢንች ወይም 18 ሴንቲሜትር ገደማ እንዳይርቅ ይላል። የፊውዙን መጠን የመሣሪያው መመሪያ ይወስናል፤ ለአነስተኛ ዓሣ ጠቋሚ ብዙ ጊዜ 3 አምፒር ነው።

ፊውዝ የማያድነው አንድ ነገር አለ። ሣጥኑ ውስጥ የባሕር ውሃ ቢገባ ኤሌክትሪክ በሁለቱ የባትሪ ጫፎች መካከል በቀጥታ በውሃው ያልፋል፤ ፊውዙ ከዚያ በኋላ ስለሆነ የሚያውቀው ነገር የለም። ፖዘቲቩ ጫፍ ይበላል፣ ሃይድሮጅንና ክሎሪን ጋዝም ይወጣል። ጫፎቹን በጎማ ቆብ መሸፈን ይህን ያዘገየዋል። ውሃ የገባበት ሣጥን የሚከፈተው ፊት ሳይቀርብ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ነው። በባሕር ለሚሠራ ሣጥን መዳቡ በቲን የተለበጠ ሽቦ ከተራው ይልቅ ይቆያል።

ቻርጅ ማድረግ

ውሃ እንዳይገባ የተደረገ ሣጥን ጋዝም አያስወጣም። የታሸገ የእርሳስ ባትሪ በጤናው የሚያወጣው ጋዝ ጥቂት ነው፤ ከመጠን በላይ ሲሞላ ግን ደህንነት ቫልቩ ተከፍቶ ሃይድሮጅን ይለቅቃል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ይቀጣጠላል፤ በ3.6 ሊትር ሣጥን ውስጥ፣ ባትሪው የያዘው ቦታ ሲቀነስ፣ ይህ መጠን ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ምክንያት ባትሪው ክዳኑ ተዘግቶ ቻርጅ አይደረግም። አውጥቶ መሙላት ከሁሉ ይሻላል። ቻርጀሩም ለባትሪው ዓይነት የተሠራ መሆን ይገባዋል።

ሙከራ

ያለቀው ሣጥን መጀመሪያ የሚፈተነው ያለ ባትሪ ነው። ደረቅ ሶፍት ወረቀትና ክብደት የሚሆን ድንጋይ ገብቶበት ክዳኑ ይዘጋና በሞቀ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይጠልቃል። ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ስለሚሰፋ በሚያፈስበት ቦታ አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ከግላንዱ ይሁን ከክዳኑ በዓይን ይለያል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ ወረቀቱ ከረጠበ ሣጥኑ አልደረሰም። የገመዱ የውጭ ጫፍ በሙከራው ጊዜ አብሮ መጥለቅ አለበት፤ አለበለዚያ በገመዱ ውስጥ የሚሳበው ውሃ አይታይም።

ክዳኑ ሲዘጋ በጎማው ላይ የቀረ አንድ ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ውሃ ለማሳለፍ ይበቃል፤ ጎማው በእያንዳንዱ ጉዞ ይጠረጋል፣ ሲጠነክርም ይቀየራል። ከባሕር የተመለሰ ሣጥን ክዳኑ እንደተዘጋ በጣፋጭ ውሃ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ ተከፍቶ ያድራል።