ገበያና ሠፈር፦ የፉትስክሬይ ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በአገራችን የገበያ ቀን ማለት እህል ሸምቶ መመለስ ብቻ አይደለም። ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት፣ ስለታመመና ስለሞተ ሰው ወሬ የሚሰማበት፣ የተጣላም የሚታረቅበት ቀን ነው። ስለዚህ በባዕድ አገር የሚኖረው ወገናችን የትና እንዴት እንደሚገበያይ መመርመር ስለ ኑሮው በጠቅላላው መመርመር ነው። ለዚህም በአውስትራሊያ፣ ከሜልበርን መሐል ከተማ በስተምዕራብ የምትገኘውን የፉትስክሬይን ሠፈር ታሪክ እንመልከት።

ፉትስክሬይን ባቡር የደረሳት እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ፋብሪካዎች ተተከሉባት፤ ሠራተኛውም በእግሩ እየሄደ በጣቢያው አካባቢ ካሉት ሱቆች ይሸምት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን መኪና ያለው ሰው በመብዛቱ የንግዱ መልክ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1957 በብሪዝበን የቸርምሳይድ፣ በ1960 ደግሞ በሜልበርን የቻድስቶን የገበያ ማዕከላት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይዘው ተከፈቱ። በ1975 ለፉትስክሬይ ጎረቤት በሆነችው በማሪበርኖንግ ሃይፖይንት የተባለው ማዕከል ሲከፈት፣ የፉትስክሬይ ነጋዴዎች ብዙ ደንበኞቻቸውን አጡ። ፋብሪካዎቹም እየተዘጉ በመሄዳቸው ችግሩ ተደራረበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የገበያ ማዕከል የሕዝብ አደባባይ ይመስላል እንጂ የግል ንብረት ነው። ማን ሱቅ እንደሚከፍት፣ ስንት ኪራይ እንደሚከፍል፣ በሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የሚወስነው አንድ ባለቤት ነው። የመንገድ ዳር ሱቆች ግን ባለቤታቸው ብዙ ነው፤ አንዱ ቢከለክል ሌላው ያከራያል። ሱቆቹ ባዶ በቀሩ ጊዜም ኪራያቸው ስለሚቀንስ ገንዘብ የሌለው መጤ መግቢያ ያገኛል።

በፉትስክሬይም የሆነው ይኸው ነው። ከ1975 በኋላ የመጡት የቬትናም ስደተኞች በነዚህ ሱቆች አትክልት፣ ዓሣና ጨርቅ መሸጥ ጀመሩ። ቆይተውም ከአፍሪካ ቀንድ የመጡት ተከተሉ። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች፣ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ ሱቆች፣ ቡና የሚጠጣባቸው ቤቶች ተከፈቱ። አዲስ የመጣ ሰው ሥራና የሚከራይ ቤት የት እንደሚገኝ የሚጠይቀው በነዚህ ቤቶች ነው። የገበያ ማዕከሉ ያዳከመውን መንገድ መልሰው ያቆሙት ባመዛኙ ስደተኞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሱቅ ብቻውን ሠፈርን ሠፈር አያደርግም። ከ1911 ጀምሮ በወንዙ ዳር የለማው የፉትስክሬይ መናፈሻ፣ በ1974 የተመሠረተው የማኅበረሰብ የሥነ ጥበብ ማዕከልና የማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሰው ምንም ሳይገዛ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ናቸው። ገንዘብ የሌለው አዛውንት፣ ጸጥ ያለ የጥናት ቦታ ያጣ ተማሪ፣ ልጆቿን ይዛ የምትወጣ እናት የሚያርፉት እዚያ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ሠፈሯ ለመሐል ከተማ ቅርብ በመሆኗ ትላልቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተውባታል፤ የቦታው ዋጋም ከፍ ብሏል። በርካሽ ኪራይ የቆመ ንግድ ኪራይ ሲወደድ ይናጋል። ሱቁ ሲዘጋም የሚጠፋው ንግዱ ብቻ ሳይሆን መገናኛውም ጭምር ነው።

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ! ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የምንሰባሰብበት ቦታ በማን እጅ እንዳለ እንወቅ። የወገናችንን ሱቅ በመግዛት እንደግፍ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ሠፈሩ የነዋሪውን አስተያየት ሲጠይቅ ዝም አንበል፤ መናፈሻውንና ቤተ መጻሕፍቱንም እንጠቀምባቸው። የመጀመሪያዎቹን ሱቆች የከፈቱት እናቶችና አባቶች በሕይወት ሳሉም ታሪካቸውን ጠይቀን እንጻፍ። ልጆቻችን ያ መንገድ በማን ድካም እንደቆመ ሊያውቁ ይገባል።