«ጉድለት» የተባለው ድምፅ

አሮጌ ዕቃ የሚያጸዳ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ቆሻሻው የቱ ነው? የዕቃው ጠባይስ የቱ? ቀላል ይመስላል። ግን ሁለቱን ሳይለዩ መወልወያ ያነሱ ሰዎች ያጠፉት ነገር ብዙ ነው። ዛሬ ስለ ሃሞንድ ኦርጋን ላውጋችሁ። ነገሩ የሙዚቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሎረንስ ሃሞንድ ሙዚቀኛ አልነበረም። አሜሪካዊ መሐንዲስና የሰዓት ፋብሪካ ባለቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ያቋቋመው ኩባንያ የኤሌክትሪክ ሰዓት ይሠራ ነበር። የሰዓቱ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራት መስመሩ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ ሞተሩም ያንን ተከትሎ ሳይዛነፍ ይሽከረከራል። ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፣ የሰዓት ገበያው ተቀዛቀዘ። ሃሞንድም ለሞተሩ ሌላ ሥራ ፈለገለት።

ያገኘለት ሥራ ኦርጋን ነው። ሞተሩ ጠርዛቸው ጥርስ ያለው ትናንሽ የብረት ዲስኮችን ያሽከረክራል፤ በኋላ ስሙ በገነነው ቢ-3 ሞዴል ውስጥ 91 ዲስኮች አሉ። በእያንዳንዱ ዲስክ ፊት ሽቦ የተጠቀለለበት ማግኔት ቆሟል። ጥርሱ በማግኔቱ ፊት ባለፈ ቁጥር ሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ያ ሞገድ በአምፕሊፋየር አልፎ በስፒከር ሲወጣ ኖታ ይሆናል። ፓተንቱ በ1934 ተሰጠው፤ በ1935 ኦርጋኑ ለሕዝብ ታየ።

ባለቧንቧ ኦርጋን ሠሪዎች አልተደሰቱም። «ይህ ኦርጋን ሊባል አይገባውም» ባዮች ነበሩ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1936 ኩባንያውን በአሳሳች ማስታወቂያ ከሰሰው። በክርክሩ ሂደት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጸሎት ቤት ውስጥ ፈተና ተካሄደ፤ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ሳያዩ እየሰሙ ባለቧንቧውን ከሃሞንዱ እንዲለዩ ተጠየቁ። ባለሙያዎቹ ሳይቀሩ ደጋግመው ተሳሳቱ። ያም ሆኖ ኮሚሽኑ በ1938 ኩባንያው ከማስታወቂያዎቹ አንዳንዶቹን እንዲያቆም አዘዘ።

የመጨረሻውን ፍርድ የሰጡት ግን ሌሎች ናቸው። ባለቧንቧ ኦርጋን የመግዛት አቅም የሌላቸው አብያተ ክርስቲያናት ሃሞንድን ገዙ። በተለይ በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት የጎስፔል ዝማሬ ዋና ድምፅ ሆነ። ከ1956 ጀምሮ ደግሞ ጂሚ ስሚዝ በጃዝ ቀረጻዎቹ ስሙን የበለጠ አስጠራው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሃሞንድ እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ዘጠኝ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ማገናኛዎች አሉ። በሁለቱ ባለ 61 ቁልፍ ረድፎች ሲደመሩ 1,098 ይሆናሉ። ቁልፉ ሲጫን ዘጠኙ እኩል አይነኩም፤ በዚህ ምክንያት ኖታው ሲጀምር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሎረንስ ሃሞንድ ይህን እንደ ጉድለት ነበር የሚያየው፤ ለመቀነስም ተሞክሯል። ተጫዋቾቹ ግን ወደዱት። ጣት ቁልፉን ሲመታ የሚሰማበት፣ ዜማውን ከበሮ ከበሮ የሚያሰኘው እሱ ነበር። ፈጣሪው ሊያስወግደው የፈለገው ነገር የመሣሪያው መታወቂያ ሆነ።

ጥገናው ላይ ይህ ታሪክ በተግባር ይመጣል። ጥሩ ጠጋኝ ከመክፈቱ በፊት ያዳምጣል። አንድ ቁልፍ ብቻ ከተንኮሻኮሸ ወይም ከሳሳ ማገናኛው ላይ አቧራ ገብቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቁልፉን ደጋግሞ መምታት ይበቃል። አንድ ኖታ በሁሉም ቦታ ከጠፋ ግን ችግሩ ከቁልፉ አይደለም፣ ድምፁ ከሚመነጭበት ከዲስኮቹ በኩል ነው። ሞተሩ ከከበደው ዘይት ደርቋል። ለሃሞንድ የተዘጋጀው ቀጭን ዘይት በክር እየተሳበ ወደ ዲስኮቹ መሽከርከሪያ ይደርሳል፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ በአንድ ቀን አይሆንም። የመኪና ሞተር ዘይት ወይም ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ የነፋበት ሰው ግን ቅንድብ እኩላለሁ ብሎ ዓይን አጠፋ። አሮጌ ካፓሲተሮች ደግሞ ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዙ ስለሚችሉ ያልሠለጠነ ሰው ውስጡን ባይነካካ ይሻላል።

«ተበላሽቷል» የሚባለው ሁሉም አልተበላሸም። የአሜሪካ ሃሞንድ አዲስ አበባ ቢመጣ፣ ቮልቱ በትራንስፎርመር ቢስተካከል እንኳ ኖታው ሁሉ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ወርዶ ይሰማል። የእኛ መብራት በሴኮንድ የሚመላለሰው 50 ጊዜ ነውና ሞተሩ ይዘገያል። ምንም የተሰበረ ነገር የለም። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ግን ጤነኛ ማሽን ይፈታል።

እኛ አገር «ኦርጋን» የሚለው ቃል ቁልፍ ያለውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሁሉ ይጠቀልላል። በዋልያስ ባንድ ሥራዎች ላይ የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ያልሰማ ጥቂት ነው። ኃይሉ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። በ1985 የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ያ ካሴት «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ተጥሎ ቢሆንስ?

ጥርሳም ዲስክ ያላቸው ሃሞንዶች መመረት ያቆሙት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም ብዙዎቹ ይዘመርባቸዋል፤ በየዓመቱ ዘይት የሚያጠጣቸው፣ የቱን ነክቶ የቱን እንደሚተው የሚያውቅ ሰው ስላላቸው። ያ ሰው ሲሞት ዕውቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ መለዋወጫ ከመጥፋቱ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ስለዚህ በቤታችሁ፣ በትምህርት ቤታችሁ ወይም በቤተ እምነታችሁ ዕቃ ቤት አሮጌ ኦርጋን፣ ቴፕ ወይም አምፕሊፋየር ካለ አትጣሉት፤ ስፕሬይም አትንፉበት። በሰፈራችሁ ያሉትን የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ አሁኑኑ ፈልጓቸው፤ ሲከፍቱትም አጠገባቸው አንድ ወጣት አስቀምጡ።