ፑሚስ፣ ምጣድ እና ያልተከፈለ ዕዳ

አዘጋጆቹ «ከግቢያችን ጋር የተያያዘ አንድ የታሪክ ጽሑፍ አምጣ» ሲሉኝ ስለ አዳማ ንፋስ ወይም ስለ ላውንጁ ሻይ ልጽፍ አስቤ ነበር። እሱን ሌሎቻችሁ እንደማትተዉት አውቃለሁ። እኔ የምጽፈው ስለ ምድጃ ነው። ለምን እንደሆነ ከእናንተ መካከል ሁለቱ ገና ርዕሱን ሲያዩ ይገባቸዋል።

በ1997 ዓ.ም. ስንገባ ግቢው የቴክኒክ መምህራን ኮሌጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው ቤት፣ እኛ ገና ተማሪ ሳለን በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስሙ ሲቀየር ያልተቀየረው ከእግራችን ሥር ያለው መሬት ነው። አዳማ የተቆረቆረችው በእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ ላይ ነው። ከከተማው አጠገብ ቦኩ፣ በስተደቡብ ገደምሳ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቦሰት አሉ። ብሎኬት አምራቹ ሁሉ የሚጠቀምበት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ፑሚስ ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው የወጣ ነው። ጋዝ የሞላው ቅላጭ ድንጋይ ፈንድቶ በአየር ላይ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ የቀረው የብርጭቆ አረፋ ነው።

ሙቀት የሚያግደው ይህ አረፋ ነው። የታሰረና የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀት የሚያስተላልፈው ከጠጣር ድንጋይ በብዙ አስር እጥፍ ባነሰ መጠን ነው። እናቶቻችን ይህን ያለ ፎርሙላ ያውቁታል፤ ፍም ለነገ ሲያቆዩ አመድ የሚያለብሱት ለዚህ ነው።

ሦስት ጉልቻ ግን ምንም አያግድም። እንጀራ ሲጋገር እሳቱ ግማሹን ለጎጆው፣ ግማሹን ለጋጋሪዋ ዓይን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ለዚህ መፍትሔ ሲፈልጉ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ውስጥ አልገቡም። ፑሚስና ሲሚንቶ ቀላቅለው በብረት ፎርማ ቀረጹ። «ምርጥ» ምድጃ እንዲህ ተወለደ። ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጋል፤ የሚያመልጠውን ሙቀት ደግሞ ከኋላ ላለው ድስት ይሰጣል። በሙከራ ሲለካ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በኋላ የጀርመኑ ጂቲዜድ ጥቃቅን አምራቾችን እያሠለጠነ በየከተማው አዳረሰው።

ችግሩ ክብደቱ ነበር። የመጀመሪያው ምርጥ ግድግዳ 6 ሳንቲሜትር ነው። ሲሚንቶ ይበላል፣ ጋሪ ይፈልጋል፣ ሲጓጓዝ ይሰበራል። ስለዚህ «ቀጭኑ ምርጥ» መጣ፤ 4 ሳንቲሜትር። ሁለት ሳንቲሜትር ለማንሳት ያን ያህል ሥራ ለምን እንዳስፈለገ ያኔ ቢነግሩኝ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

እኛ በ1999 ዓ.ም. የሞከርነው ከዚያም በታች ነበር። ከግቢው ጀርባ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ብር ሲያልቅብን በዱቤ የሚያበሉን። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው ሥሩ ላይ ያለው ጀሶ ተፈረካክሶ ነበር። ያው ጀሶ ሲሞቅ በውስጡ ያለውን ውሃ ያጣና ይላላል። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ከሚስበው ምጣድ ብዙው ሙቀት ወደ ታች ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን ወደ ላይና ወደ ታች ብሎ አይለይም። ሦስታችን ተነሳንና «እኛ እንሠራልዎታለን» አልን። ስስ እንዲሆን ፈልገን ፑሚሱን በሙቀጫ አደቀቅነው፣ በወንፊት ነፋነው፣ በሲሚንቶ አቡክተን 2 ሳንቲሜትር ሰሌዳ አወጣን። ሲያዩት ያምር ነበር! ፎቶም ተነሥተንበታል።

የፋሲካ ዋዜማ ዕለት ሰሌዳው ተሰነጠቀ። ሙቀቱ ወደ ታች አልፎ የገመዱን ፕላስቲክ አቀለጠውና ሽቦው ከቆርቆሮው ጋር ተነካካ። ፊውዙ ባይቃጠል ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር። እናታችን የታዘዙትን እንጀራ በጭስ ውስጥ በማገዶ ሲጋግሩ አደሩ። ጠዋት በቀላ ዓይናቸው ስባሪውን አገላብጠው አዩና «ኢጆሌ፣ ድንጋዩስ ደግ ነበር፤ እናንተ ፈጫችሁት» አሉን።

ልክ ነበሩ። ፑሚስን ስታደቀው ቀዳዳው ይከፈታል፣ አየሩ ይወጣል፣ በቦታው ሲሚንቶ ይገባል። ሲሚንቶ ደግሞ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ወዲያ ጥንካሬው እየከዳው ይሄዳል። ስስ እናደርገዋለን ብለን ማገጃውን ራሱን ጣልነው።

ስስም፣ ርካሽም፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችልም ዕቃ መሥራት የዓለምም ራስ ምታት ነው። ሙቀቱ ሲያይል ጨረር ይበረታል፤ በኬልቪን የተለካ ሙቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ 16 እጥፍ ይሆናል፣ ትልልቅ ቀዳዳዎችንም አቋርጦ ያልፋል። ቀዳዳው እጅግ ካነሰ ግን የአየሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ ከመጋጨታቸው በፊት ከግድግዳው ጋር ይላተማሉ፣ ሙቀትም አያቀባብሉም። እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊው ሳሙኤል ኪስትለር ይፋ ያደረገው ኤሮጀል እንዲህ ያለ ነው፤ ስስ ሆኖ ያግዳል፣ ዋጋው ግን ከእንጀራ ጋጋሪ አቅም በላይ ነው። ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚችለው ሴራሚክ ፋይበርም በውጭ ምንዛሬ የሚገባ ነው፤ ብናኙም ለሳንባ አይበጅም።

እኛ ግን ሌላ ዕድል አለን። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ በጥንት ዘመን አንድ ሐይቅ ነበሩ። በአዳሚ ቱሉ በኩል የሚገኘው ነጭ ዲያቶማይት ከጥንቶቹ ሐይቆች በቀሩ በዓይን የማይታዩ የውሃ ተክሎች ቅርፊት የተሠራ ነው። ቀዳዳው ከፑሚስ በጣም ያንሳል፣ ቅርፊቱ ሲደቅም ብዙው ቀዳዳ ይተርፋል። በሌላው ዓለም ከዚህ የምድጃ ጡብ ይሠራሉ። ሸክላ የሚያውቁ እጆች ደግሞ በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ሁሉ አሉ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ዘንድሮ ስንገናኝ ከምናዋጣው ላይ ለአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት እንመድብ፤ ተማሪዎቹ ከአዳሚ ቱሉ አፈርና ከሸክላ የምጣድ ሥር ሰሌዳ ይሥሩ፣ ከቤት ከመግባቱ በፊትም በላብራቶሪ ይፈተን። እኛ ያን አላደረግንም።

እናታችን ያለፈው ዓመት ስጎበኛቸው እዚያው ሰፈር ነበሩ። የምጣዱን ዋጋ ልሰጣቸው ብል አልቀበልም አሉ። «የሚሠራ አምጡልኝ» ብለውኛል።