ፈረስና ባልንጀራው
(በሬዲዮ የተነገረ)

የአገራችን ታሪክ ሲነገር የፈረስ ስም ሳይነሣ የሚታለፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ንጉሡ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አርበኛው በፈረሱ ስም ይፎክራል፤ አልቃሿም ሟቹን የምታነሣው በፈረሱ ስም ነው። ስሙ ይህን ያህል የተጠራለት እንስሳ ግን እርሱ ራሱ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ፣ ሲመሽም ከማን ጋራ ያድር እንደ ነበረ የጠየቀ ሰው ብዙ አይደለም። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። አንድ ሰው አንድ ፈረስ ብቻ ሲኖረው፣ ያ ፈረስ ያለ ባልንጀራ ሊኖር ይችላልን? በጎጃም ደጋ የኖሩ አባቶቻችንስ ይህን ጥያቄ በምን ዐይነት መልሰውት ነበር?

ነገሩን ከአንድ የቆየ ታሪክ እንጀምር። በ1763 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1770) በጥቅምት ወር ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ የዓባይን ምንጭ በዓይኑ ለማየት ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰከላ ይጓዝ ነበር። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል የሜጫን ሰዎች ቤት አቃጥለው ስለ ነበረ፣ የአገሩ ሰው ከጎንደር የሚመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ያይ ነበር። የዳሞት ገዥ የነበሩት ፋሲል ብሩስን ሲያሰናብቱት የሰጡት መሪ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ቀን ራሳቸው ተቀምጠውበት የመጡትን ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጡት። ይሁን እንጂ እንዲቀመጥበት አልፈቀዱለትም። ፈረሱ እንደ ተጫነ ከፊቱ እየተነዳ እንዲሄድና ይህን ፈረስ ያየ የሜጫ ሰው ከቶ እንደማይነካው ነገሩት። ብሩስም ይህንኑ በመጽሐፉ ጽፎታል። እንደ ተባለውም በደኅና ተጕዞ ከግሽ ዓባይ ደረሰ።

እንግዲህ አስቡት። ሰው ያልተቀመጠበት አንድ ፈረስ የአንድ ገዥ ማኅተም ሆነ ማለት ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን ፊርማና ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት የሚሠራውን ሥራ ያን ጊዜ አንድ ፈረስ ሠርቶታል። ጌታው በቦታው ባይኖርም ፈረሱ ካለ፣ ጌታው እንዳለ ይቈጠር ነበር።

ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። በአገራችን ልማድ የፈረሱ ስም የጌታውም ስም ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ራስ መኰንን «አባ ቃኘው» ይባሉ ስለ ነበረ፣ በ1943 ዓ. ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር «ቃኘው» የሚለውን ስም ይዞ ውቅያኖስ ተሻገረ። በጎጃምም በጠላት ወረራ ዘመን በዱር በገደሉ የተጋደሉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ እስከ ዛሬ «አባ ኮስትር» እየተባሉ ይነሣሉ። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው፣ ኮስትር የሚሉት ቃላት ሁሉ የትእዛዝ ቃላት እንደ ሆኑ ልብ እንበል። ስሙ የሚናገረው ስለ ጌታው ፈቃድ እንጂ ስለ ፈረሱ ጠባይ አይደለም። ትእዛዙን ተሸክሞ የሚሮጠው ግን ፈረሱ ነው። ስለዚህም አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለው ድርሻውን ለይተው አስቀመጡለት።

ባለፈረሱ ሲሞትም ይኸው ሥርዐት አይቀርም ነበር። በለቅሶው ሜዳ የጀግናው ፈረስ በግላሱና በኮርቻው ተሸልሞ፣ የሚቀመጥበት ሳይኖር፣ በሰው እጅ እየተሳበ ይዞራል። ሕዝቡ ፈረሱን ባየ ጊዜ ለቅሶው እንደገና ይብሳል። በብሩስ ፊት የተነዳው ፈረስና በለቅሶ ሜዳ የሚዞረው ፈረስ የሚናገሩት ቋንቋ አንድ ነው፤ ሁለቱም በሌለው ጌታ ፈንታ ይቆማሉ።

ታዲያ ታሪካችን ስለ ፈረስ የሚነግረን እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ፣ ፈረስ አንድ ጌታና አንድ ስም ያለው፣ ሌላ የማያስፈልገው ፍጡር መስሎ በታየን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በመጀመሪያ ደረጃ ፈረስ በጦር ሜዳ ብቻውን ከቍጥር አይገባም። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ. ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ተብለው በጎጃምና በከፋ ላይ ነገሡ። መንቆረር ትባል የነበረችውን ከተማም ደብረ ማርቆስ ያሰኟት እርሳቸው ናቸው። በግንቦት 1874 ዓ. ም. እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋራ በተዋጉ ጊዜ ግን ድሉ የምኒልክ ሆነ፤ የጎጃሙ ንጉሥም ቈስለው ተማረኩ። ለዚህ ድል ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት በራስ ጎበና የሚመሩት የኦሮሞ ፈረሰኞች ነበሩ። በዚያ ቀን የሠራው በመንጋ የተንቀሳቀሰ የፈረስ ኀይል እንጂ የአንድ ፈረስ ፍጥነት አልነበረም።

በሁለተኛም ደረጃ በመንገድ ላይ ፈረስ ያለ ባልንጀራ አይሄድም ነበር። የጥንቱ ባላባት ሲዘምት የሚቀመጠው በበቅሎ ነው። ፈረሱ ጕልበቱን ሳያባክን ለውጊያው ቀን እንዲቈይ፣ በአሽከር እጅ እየተሳበ ከበቅሎዋ ጎን ይከተላል። ይህ ልማድ ከጎጃም ምድር ጋራ የሚስማማ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ፈረስ በዚህ ደጋ ይበረታል። ወደ ዓባይ ቈላ ሲወርድ ግን የቈላ ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ቶሎ ይጥለዋል። በቅሎ ይህን በሽታ ከፈረስ ይልቅ ትቋቋማለች፤ አህያም ከሁሉ ይበልጥ ትችለዋለች። ስለዚህ በቅሎ፣ ፈረስና አህያ በአንድ ጌታ ቤት አብረው መገኘታቸው ለጌትነት ማሳያ ብቻ ሳይሆን ለኑሮም ግድ ነበር። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች የሚለውን ተረት ሁላችን እየሳቅን እንናገረዋለን። ሆኖም ተረቱ አንድ እውነት ይዟል። በቅሎ ለፈረስ የሥጋ ዘመዱ ናት፤ በጕዞም በጋጣም ባልንጀራው ሆና ኖራለች።

በሦስተኛም ደረጃ አንድ ፈረስ ብቻ ያለው ገበሬ ፈረሱን በሌሊት ውጭ አይተወውም ነበር። ጅብ ይፈራልና ከላሞቹና ከአህያው ጋራ በቤት ውስጥ ባለው ጋጣ ያስገባዋል። ባለቤቱና ቤተ ሰቡም ከዚያው ጣራ ሥር ያድራሉ። ቀን ሲሆን ደግሞ እረኛው ከጎረቤት ከብት ጋራ ደባልቆ በመስኩ ያሰማራዋል። ገበሬው ይህን ያደረገው የፈረስን ጠባይ ከመጽሐፍ ተምሮ አይደለም። ብቻውን የታሰረ ፈረስ ሲያሽካካ እንደሚያድር፣ የተሰጠውን ገብስ ትቶ ጆሮውን አቁሞ ወደ ሩቅ እንደሚያይ በዓይኑ ስላየ ነው።

የዘመኑ ሊቃውንትም ምርምራቸው ከዚሁ አድርሷቸዋል። ፈረስ በተፈጥሮው የመንጋ እንስሳ ነው። ቀንድ የለውምና ከአውሬ የሚድነው በብዙ ዓይን፣ በብዙ ጆሮና በሩጫ ነው። ቆሞ ማንቀላፋት ይችላል፤ ከባዱ እንቅልፍ የሚወስደው ግን በጎኑ ሲጋደም ነው። ሳይሠጋ የሚጋደመውም ሌላው ቆሞ ሲጠብቅለት ነው። ሁለት ፈረሶች አንገት ለአንገት ተሻግረው ትከሻቸውን በጥርሳቸው ሲተካከኩ፣ የልባቸው ምት እንደሚረጋ በመሣሪያ ተለክቶ ታውቋል። ብቻውን የተዘጋበት ፈረስ ግን አንዳንድ ጊዜ ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ይውላል፤ የጋጣውንም እንጨት ይግጣል። በእንግሊዝ አገር በእንዲህ ያለው ፈረስ ጋጣ ውስጥ መስተዋት ተሰቅሎ በተደረገ ሙከራ፣ መወዛወዙ ቀንሶ ተገኝቷል። ከመስተዋት የታየውን ጥላ እንኳ እንደ ባልንጀራ እስኪቈጥር ድረስ ብቸኝነት ይከብደዋል ማለት ነው። የስዊስ መንግሥት በ2000 ዓ. ም. ባወጣው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ፣ ፈረስ ሁሉ ሌላ ፈረስ ወይም የፈረስ ዘመድ የሆነ እንስሳ የሚያይበት፣ የሚሰማበትና የሚያሸትበት ቦታ እንዲያገኝ አዟል። የጎጃም ገበሬ ያለ ደንብ ሲፈጽመው የኖረውን፣ ሠልጥኗል የተባለው አገር በሕግ ጻፈው።

ይሁንና የጎጃም ሰው ለዚህ ጥያቄ የሰጠው ከሁሉ የሚልቀው መልስ በጋጣ ውስጥ አይደለም፤ በሜዳ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ቡሬን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ የአገው ምድር ይቀበለናል። በዚህ አገር በ1932 ዓ. ም. የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። ዘመኑን ልብ በሉ፤ አገሩ ገና ከጠላት እጅ አልወጣም። ማኅበሩ ግን የዐድዋን ድልና በዚያ የዋሉትን ፈረሶች የሚያስታውስ ማኅበር ነበር። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ፈረሰኞቹም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በዚያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሶቻቸውን ሸልመው ወደ እንጅባራ ይወጣሉ፤ ጕግስ ይጫወታሉ፤ ይጋልባሉ። ዛሬ የማኅበሩ አባላት በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ናቸው።

የዚህ ማኅበር ጥበብ ወዴት ነው ቢባል፣ ከአባሎቹ ብዙው አንድ ፈረስ ብቻ ያለው ገበሬ መሆኑ ላይ ነው። አንዱ ፈረሰኛ ሲያገባ ሌሎቹ ያጅቡታል፤ ሲሞት በፈረሶቻቸው ሆነው ይሸኙታል፤ ሲጣላም ያስታርቁታል። ፈረሱ የአንድ ሰው ሀብት ነው፤ ፈረሰኝነት ግን የማኅበር ሀብት ሆነ። ሰውየው ባልንጀራ ሲያገኝ ፈረሱም አብሮ ባልንጀራ አገኘ። ፈረስ በጦር ሜዳ ማስፈለጉ ከቀረ ከብዙ ዘመን በኋላም በአገው ምድር ክብሩ ያልቀነሰው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለፈውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ዛሬም በከተሞቻችን አንድ ፈረስ ብቻ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ባለጋሪዎች ናቸው። የጋሪ ፈረስ ቀኑን በአስፋልት ላይ ሲደክም ይውላል፤ ማታ ደግሞ በጠባብ ግቢ ብቻውን ታስሮ ያድራል። መስክ የለውም፤ በቅሎና አህያም ከጎኑ የሉም። ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ሥራውን ሲቀማው፣ ወይም እግሩ ሲሰበርና ገላው ሲቈስል፣ ጌታው መቀለቡ ከብዶት ወደ መንገድ ይለቀዋል። በአስፋልቱ መካከል አንገቱን ደፍቶ የቆመ ፈረስ ስናይ መኪናችንን ጠምዘዝ አድርገን እናልፈዋለን። የነገሥታቶቻችንን ስም የተሸከመው የዚህ እንስሳ ዘር መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ አይለንም።

ባለጋሪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርድ አይሆንም። እርሱም የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በዚያው ፈረስ ነው፤ ሁለተኛ ፈረስ ግዛ ቢባል ከየት ያመጣል? መድኀኒቱ ከአባቶቻችን ልማድ ሊገኝ ይችላል። ሁለት ጎረቤታሞች ፈረሶቻቸውን በአንድ ጋጣ ቢያሳድሩ ወጪ አይጨምርባቸውም፤ እንዲያውም ጥበቃውን ይካፈሉታል። በእሑድና በበዓል ቀን ፈረሶቹን በኅብረት ወደ መስክ ቢያወጧቸው ድካማቸው ይቀልላል። የከተማ ሥራ በእጃችሁ ያለ ሹማምንትም የጋሪ ማቆሚያ ስትደለድሉ፣ ፈረሶች ጎን ለጎን የሚቆሙበት ጥላና ውሃ ያለው ቦታ ብታስቡላቸው፣ ከመዝገብ ሥራችሁ ያነሰ ሥራ አይደለም። ባለጋሪዎች እንደ አገው ፈረሰኞች ማኅበር ቢያቆሙ ደግሞ፣ ያረጀው ወይም የታመመው ፈረስ ወደ መንገድ ከመለቀቁ በፊት የሚመክርበት ሰው ይኖራል።

በመጨረሻ ወደ ፋሲል ፈረስ እንመለስ። ያ ፈረስ ሰው ሳይቀመጥበት ከፊት ከፊት ሲሄድ ብቻውን ይመስል ነበር። ነገር ግን ከኋላው የብሩስ ፈረሶችና በቅሎዎች ኮቴያቸውን እያሰሙ ይከተሉት ነበር። የጌታውን ክብር ተሸክሞ የሄደው እርሱ ነው፤ መንገዱን የሄደው ግን ከባልንጀሮቹ ጋራ ነው። እኛም የፈረስን ስም እንደ ጠበቅን ሁሉ፣ የፈረስንም ባልንጀራ እንጠብቅለት።