ኮምፒውተሬን ያሳበደው ማን ነው? (የዘጠነኛው ቢት ታሪክ)

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ታሪክ ነው፤ ግን የአድዋ ወይም የማይጨው አይደለም፤ የራም ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ የምከፍለው አንድ ዕዳ አለብኝ።

ኮምፒውተሬን ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቼ ቤት ውስጥ ራሴ ነኝ የገጣጠምኩት። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ አዲስ፣ ከሁለቱ ራሞች አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያገለገለ። ከተገጣጠመ ጀምሮ አመሉ አልታወቀም። አንድ ቀን ሲሠራ ይውላል፤ በማግስቱ ገና ስከፍተው ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። እዚያ ላይ የሚጻፈው ምክንያት ደግሞ በየጊዜው ሌላ ነው። ብሮውዘሩ ብቻውን ይዘጋል። ያወረድኩት ዚፕ ፋይል አልፈታ ይላል፤ ያንኑ እንደገና ሳወርደው ይፈታል።

ተጠያቂ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ መብራቱን ከሰስኩ፤ ስታቢላይዘር ገዛሁ። ቀጥሎ ዊንዶውሱን ከሰስኩ፤ ሦስት ጊዜ ፎርማት አደረግሁ። እንዲያውም ሦስተኛው ላይ ገና እየጫነ መሃል ላይ ተቋረጠ። በመጨረሻ ታናሽ ወንድሜን ከሰስኩ። «ጌም እየጫንክ ቫይረስ አስገባህበት» አልኩት። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ከፎርማቱ በኋላ አልነካሁትም» አለኝ። አላመንኩትም። ፓስወርድ ቀየርኩበት። ልጁ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፤ የሚያጠናበት ፒዲኤፍ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

እሱ በታገደ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሮስተር ልናስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ የአራት ሴክሽን ማርክ የያዘው የኤክሴል ፋይል «ተበላሽቷል» ብሎ አልከፈት አለ። ፍላሽ ላይ የገለበጥኩትን ሞከርኩ። እሱም ያው። ወንድሜ ፓስወርዱን አያውቅም፤ አጠገቡም አልደረሰም። ተከሳሹ በቦታው ያልነበረበት ጥፋት! ክፍል ውስጥ «አንድ ምንጭ ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ» እያልኩ የማስተምረው እኔ፣ ያለ አንድ ማስረጃ ነው የፈረድኩት። ያን ማታ ነው ከሥሩ ማንበብ የጀመርኩት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበትን የራም ዓይነት የፈጠረው የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ነው። ፓተንቱን ያገኘው በ1968 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ለአንድ ቢት አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር። ካፓሲተሩ ቻርጅ ከያዘ አንድ ነው፣ ካልያዘ ዜሮ። ችግሩ ካፓሲተሩ እንደሚያፈስ እንስራ ነው፤ ዝም ካሉት ይጎድላል። ስለዚህ በተለመደው ራም እያንዳንዱ ረድፍ በየ64 ሚሊሰከንዱ እንደገና ይሞላል። በ1970 ኢንቴል ለገበያ ያቀረበው 1103 የተባለው ቺፕ 1024 ቢት ብቻ ነበር የሚይዘው። ዛሬ 8 ጊጋባይት ራም ውስጥ ወደ 69 ቢሊዮን የሚጠጋ እንስራ አለ። ከእነዚህ አንዱ ቢሰነጠቅስ?

ይህን ጥያቄ ከራም በፊት የጠየቀ ሰው አለ። ሪቻርድ ሃሚንግ በ1940ዎቹ መጨረሻ ቤል ላብስ ውስጥ ይሠራ የነበረ የሒሳብ ሊቅ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሥራውን ለማሽኑ ሰጥቶ ይሄዳል። ማሽኑ ስህተት መኖሩን ማወቅ ይችላል፤ ግን ስህተት ሲያገኝ፣ የሚያርመው ሰው ስለሌለ፣ ሥራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሰኞ ሲመጣ ባዶ። ይህ ሲደጋገምበት፣ ስህተት መኖሩን ማወቅ የሚችል ማሽን ቦታውን አውቆ ለምን አያርመውም ብሎ ተነሣ። መልሱን በ1950 አሳተመ። ዛሬ ሰርቨሮች ላይ ያለው፣ ኢሲሲ የሚባለው ራሱን የሚያርም ራም ከዚያ ሥራ የመጣ ነው።

መምህራን በቀላሉ ይገባችኋል። ማርክ ሊስት ላይ የአንድ ተማሪ ድምር ካልገጠመ ስህተት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ የትኛው ትምህርት ላይ እንደሆነ ግን ድምሩ አይነግራችሁም። ወደ ጎንም ወደ ታችም ከደመራችሁ ግን፣ ያልገጠመው ረድፍና ያልገጠመው ዓምድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስህተቱን ትይዙታላችሁ። የመጀመሪያው ፓሪቲ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ሃሚንግ መንገድ ይጠጋል።

በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፓሪቲ ነበረው። ለየስምንቱ ቢት ዘጠነኛ ተጨምሮበታል፤ ሥራው የአንዶቹን ብዛት ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ማድረግ ነው። ለምሳሌ 62 ማርክ በኮምፒውተር ቋንቋ 00111110 ነው። አምስት አንዶች ስላሉት ዘጠነኛው ዜሮ ይሆናል። አሁን ከግራ ሦስተኛው ቢት ቢገለበጥ 00011110 ይሆናል፤ ይህ 30 ነው። አንድ ቢት ብቻ ተገለበጠ፣ ልጁ ወደቀ! ግን አንዶቹ አራት ስለሆኑ ማሽኑ ይነቃል፤ የፓሪቲ ስህተት ብሎ ቀጥ ይላል። ያናድዳል፤ ግን አይዋሽም።

ታዲያ ያ ዘጠነኛ ቢት ዛሬ የት ሄደ? በ1990ዎቹ ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ ከቤት ኮምፒውተር ላይ ተነሣ። ከስምንት ቺፕ ጋር ዘጠነኛ መግዛት ወጪ ነዋ! ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ በዚያው ዘመን የውሸት ፓሪቲ ያለው ራም ይሸጥ ነበር። ዘጠነኛው ቺፕ ምንም አያስታውስም፤ ሲጠየቅ ከስምንቱ ላይ እዚያው አስልቶ «ትክክል ነው» ይላል። በገንዘብ የተገዛ የሐሰት ምስክር ማለት ነው። ምስክሩ ከተነሣ በኋላ የተገለበጠ ቢት ስሙን አይናገርም። አንዴ የዊንዶውስ ችግር፣ አንዴ የቫይረስ፣ አንዴ የወንድም ጥፋት መስሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጓጓ ሰበብ አለ፤ የጠፈር ጨረር። ነገሩ ከመሬት ተነሥቶ የተወራ አይደለም። በ1978 የኢንቴሎቹ ቲሞቲ ሜይ እና መሪ ዉድስ፣ ቺፑ በታሸገበት ዕቃ ውስጥ ያለ እጅግ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም የሚረጨው የአልፋ ቅንጣት ቢት እንደሚገለብጥ አሳዩ። በ2003 ደግሞ በቤልጅየም ምርጫ፣ ብራሰልስ ውስጥ ባለችው ስካርቤክ፣ አንዲት ዕጩ በትክክል 4096 ትርፍ ድምፅ አገኘች። ልታገኝ ከምትችለው በላይ ስለሆነ ተነቃበት። 4096 ሁለትን ለራሱ 12 ጊዜ ማባዛት ነው፤ ማለትም የአንድ ቢት መገልበጥ። የጠፈር ጨረር ነው የሚባለው ግን ግምት ነው እንጂ የተረጋገጠ አይደለም።

እኔም «በቃ፣ ከሰማይ የመጣ ነው» ብዬ ልተወው ነበር። ያስቆመኝ በ2009 የታተመ ጥናት ነው። ቢያንካ ሽሮደር ከሁለት የጉግል ተመራማሪዎች ጋር በኩባንያው ሰርቨሮች ላይ ያሉትን ራሞች ለሁለት ዓመት ተኩል መረመሩ። በዓመት ከመቶ ከ8 በላይ የሚሆኑት ራሞች ስህተት አሳይተዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን፣ አብዛኛው ስህተት ከሰማይ ሳይሆን ከዕቃው ከራሱ ብልሽት የመጣ መሆኑ ነው። ጨረር መትቶ ያልፋል፤ የተበላሸ ዕቃ ግን እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ይሳሳታል። ይሄ ደግሞ የሚፈተሽ ነገር ነው።

ሜምቴስት86 የሚባለውን ፍላሽ ላይ ጫንኩ። ክሪስ ብሬዲ በ1994 የጻፈው ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚሠራ ዊንዶውስ ከተጠርጣሪነት ይወጣል። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒን አጠፋሁ፤ ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚያስሮጠው ቅንብር ነው፣ እሱ ብቻውንም ኮምፒውተር ሊያሳብድ ይችላል። ማታ ጀመርኩት፤ ሌሊት መብራት ሄደ። በማግስቱ እንደገና። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ቀይ መስመር፤ ከዚያም ሌላ፣ ያውም እዚያው አድራሻ ላይ። አንዱን ራም ነቀልኩ። አዲሱ ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ ሆኖ አደረ። ያገለገለውን ብቻውን ሰካሁት፤ ቀይ። እግሩን በላጲስ አጽድቼ ሌላኛው ስሎት ላይ ሰካሁት፤ አሁንም ቀይ። ሁለቱም ስሎት ላይ ከተሳሳተ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ አይደለም፣ የራሱ ነው። ፍላሽ ላይ ያለው ቅጂ ለምን እንደተበላሸም ያኔ ገባኝ። የገለበጠው ያው የታመመ ራም ነው።

ፋይሉ አልተመለሰም። ያዳነን የወረቀቱ ማርክ ሊስት ነው። ወንድሜን ጠርቼ ቀዩን መስመር አሳየሁትና «ይቅርታ፣ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ ፓስወርዱ ስንት ነው?» አለኝ። ሌሊቱን እሱ እያነበበ እኔ እየጻፍኩ አራቱንም ሴክሽን አስገባን። ወደ ጎንም ወደ ታችም ደመርን። ሁለት ቦታ ላይ አልገጠመም፤ ሁለቱም የእኔ ጣት ስህተት ነበሩ።

ኮምፒውተራችሁ ያለ ምክንያት የሚያብድ ከሆነ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፣ ሰው ከመክሰሳችሁም በፊት፣ ራሙን አንድ ሌሊት ፈትሹት። ወንድሜ ይህን ፖስት እንደሚያነበው አውቃለሁ። እቤት ይቅርታ ጠይቄሃለሁ፤ የከሰስኩህ ግን ጓደኞችህ ፊት ጭምር ስለነበር፣ እዚህም በሰው ፊት ደግሜዋለሁ። ለፈተናህ በርታ።