በሃያ ዓመቱ የሞተው ልጅ ሒሳብ

ከሙያሽ ታሪክ አንድ ነገር ጻፊ ስባል ስለ ወባ የምጽፍ ሳይመስላችሁ አልቀረም። የምጽፈው ግን ስለ ሒሳብ ነው። ጥፋቱ የአንድ ታካሚዬ ነው።

ከዓመታት በፊት ነቀምቴ ተረኛ ሳለሁ ከጊምቢ በኩል አንድ የሃያ ዓመት ተማሪ አመጡልን። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሁለት ቀን አልፎታል፤ ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። ያን 110 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንዴት እንደቻለው እንጃ። ቀዶ ሕክምና ገባ፣ ተረፈ። ዛሬ የሒሳብ መምህር ነው። በቀደም ቤቴ ቡና ላይ፣ "ዶክተር፣ ጋሎዋን የገደለው እኮ እኔን ሊገድለኝ የነበረው በሽታ ነው" አለኝ።

ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋሎዋ እ.ኤ.አ. በ1811 ተወለደ (ሌሎቹም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እኩልዮሽ የጻፈውን ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሲያቀርብ አንዴ ወረቀቱን የያዙት ፉሪዬ ሞቱና ጠፋ፤ በ1831 ደግሞ ፖይሶን አልገባኝም ብለው መለሱት። በግንቦት 1832 በሽጉጥ ፍልሚያ ሆዱን ተመታ። በዋዜማው ሌሊት ሐሳቡን ለጓደኛው ለሸቫልዬ በደብዳቤ ጽፎ ነበር። በተመታ ማግስት ኮሸን ሆስፒታል ውስጥ በፔሪቶናይተስ ሞተ፤ 20 ዓመቱ ነበር። ሊዩቪል ጽሑፎቹን ያሳተመው በ1846 ነው። ያን ዓመት እኛ ሐኪሞች እናውቀዋለን፤ በኤተር ማደንዘዣ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ቦስተን ላይ በይፋ የታየበት ነው። ሁለቱም ለጋሎዋ 14 ዓመት ዘገዩ።

ምን ነበር ያየው? የእኩልዮሽ መልሶችን እርስ በርስ ቦታ ስናለዋውጣቸው፣ የትኛው ልውውጥ ግንኙነታቸውን እንደማያፈርስ ማወቅ የእኩልዮሹን ጠባይ ይገልጣል። ሲሜትሪ የሚባለው ይኸው ነው።

መምህሩ ከሳህኑ ቦምቦሊኖ አነሳ። ኮንፎርማል የመስክ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ፊዚክስ በዚህ ቅርጽ ላይ ሲሰላ፣ በዙሪያው ብንጀምርም በቀዳዳው በኩል ብንጀምርም ውጤቱ አንድ መሆን አለበት። ይህን የሚያሟላው ቀመር ሞዱላር ኢንቫሪያንት ይባላል። ስንት ዓይነት አለ? ለቀላሉ ቤተሰብ፣ ለኤስ ዩ ሁለት፣ ካፔሊ፣ ኢዚክሰንና ዙበር በ1987 ዝርዝሩን አወጡ፦ ማለቂያ የሌላቸው ሁለት ተርታዎች፣ ከዚያ በ10ኛው፣ በ16ኛውና በ28ኛው ደረጃ ሦስት ልዩዎች፤ በቃ። ኤስ ዩ ሦስት ግን ከበደ፤ ተጠርጣሪው በዛ። በ1994 ኮስትና ጋኖን በእነዚህ ንድፈ ሐሳቦች ቁጥሮች ውስጥ የጋሎዋ ልውውጥ እንዳለ አሳዩ። እኛ በአንድ ምርመራ ግማሹን የበሽታ ዝርዝር እንደምንሰርዘው፣ ይህ ሲሜትሪ ብዙውን ተጠርጣሪ ገና ከጅምሩ ይጥላል። የኤስ ዩ ሦስትን ሙሉ ዝርዝርም ጋኖን በዚያው ዓመት አሳተመ። ጋሎዋ ከሞተ 162 ዓመት ሆኖት ነበር።

ወለጋ የሠራችሁ ታውቃላችሁ፤ ከደምቢ ዶሎም፣ ከሻምቡም፣ ሆዱን ይዞ መኪና የሚጠብቅ ልጅ አለ። ሌሊት ስልክ ተደውሎ "የሆድ ቁርጠት ነው፣ ሲነጋ ይምጣ?" ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ አሁኑኑ ይምጣ። በደብተሩ ውስጥ ምን እንዳለ አናውቅም።