የበራው መብራትና የጠፋው መብራት፦ ለደነዘዘ እጅ የታዘዘ የብርሃን ሕክምና ታሪክ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ሁለት ታሪኮችን ያገናኛል። አንደኛው የብርሃን ሕክምና ታሪክ ነው። ሁለተኛው በሕክምና መጻሕፍት «ካርፓል ተነል ሲንድረም» የሚባለው የእጅ አንጓ ነርቭ ሕመም ታሪክ ነው። ሁለቱን የማያይዛቸው ይህ ሕመም አብዝቶ በሚያጠቃቸው በስኳር ሕሙማን በኩል ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ ብርሃን አንድን ሕመም ማሻሉን የምናውቀው በምንድን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ታሪኩን ከኮፐንሃገን ልጀምር። ኒልስ ፊንሰን በ1860 በፋሮ ደሴቶች ተወልዶ በዴንማርክ ሕክምና የተማረ ሐኪም ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ የካርቦን አርክ መብራትን ብርሃን በሌንስ እያሰባሰበ «ሉፐስ ቩልጋሪስ» የተባለውን የቆዳ ቲቢ ማከም ጀመረ። ይህ በሽታ ፊትን ቀስ በቀስ እየበላ አፍንጫንና ከንፈርን የሚያበላሽ ነበር። በ1896 በስሙ የሚጠራው የሕክምና ተቋም ተመሠረተ፤ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በማግስቱ ዓመት ዐረፈ።

የፊንሰን ማስረጃ የሕመምተኛው ፊት ነበር። ቁስሉ ሲጠግግ ሐኪሙም፣ ጎረቤቱም፣ ሕመምተኛው ራሱም በመስተዋት ያያል። እንዲህ ባለ በሽታ ላይ ዐይን በቂ ዳኛ መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። ዐይን ያልመለሰው ሌላ ጥያቄ ግን ነበረ፦ ብርሃኑ የሚሠራው እንዴት ነው? ፊንሰን ባክቴሪያውን የሚገድሉት አጭር ሞገድ ያላቸው የአልትራቫዮሌት ጨረሮች ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የዴንማርክ ተመራማሪዎች መሣሪያዎቹን መርምረው ሌንሶቹ እነዚያን አጭር ጨረሮች እንደማያሳልፉ አስታወቁ። ይበልጥ የሚያሳምነው ማብራሪያ በባክቴሪያው ውስጥ ያሉት ፖርፊሪን የተባሉ ቀለማት ብርሃኑን ስበው ጎጂ ኦክስጅን አመንጭተዋል የሚለው ነው። ሕክምናው ሠርቷል፤ የሠራበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ይህን ልዩነት እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ከፊት ወደ እጅ እንሻገር። በእጅ አንጓ በመዳፍ በኩል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው ትናንሽ አጥንቶች ናቸው፤ ጣሪያው ደግሞ እንደ መቀነት የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት ነው። ጣቶችን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና ሚዲያን የተባለው ነርቭ በዚህ ዋሻ ያልፋሉ። ዋሻው ሲጠብ የሚጎዳው ነርቩ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ገሚስ ይደነዝዛሉ፤ ሕመምተኛውም ሌሊት ነቅቶ እጁን ያራግፋል። ሁኔታው ሲቆይ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ይሟሽሻል።

እንግሊዛዊው ጄምስ ፓጄት በ1854 የአንጓ አጥንት ስብራትን ተከትሎ የመጣ የሚዲያን ነርቭ ጉዳትን ገለጠ። በ1880 በቦስተን ጄምስ ፑትናም ሌሊት እጃቸው የሚደነዝዝ 37 ሕሙማንን ታሪክ ጻፈ፤ መነሻው አንጓ ላይ መሆኑን ግን አላወቀም። በ1913 ፈረንሳውያኑ ፒየር ማሪና ሻርል ፎዋ ከሞት በኋላ በተደረገ ምርመራ ነርቩ ከጅማቱ በላይ አብጦ አገኙትና ጅማቱን መቁረጥ ሊጠቅም እንደሚችል ጠቆሙ። ሐሳቡ በሰፊው የተሰማው ግን በ1947 ራስል ብሬንና ባልደረቦቹ በቀዶ ሕክምና የታከሙ ስድስት ሕሙማንን ታሪክ ሲያሳትሙ ነው። ከዚያ በኋላ የክሊቭላንዱ ጆርጅ ፌለን ሕመሙን ለሐኪሞች ሁሉ የታወቀ አደረገው።

እዚህ ላይ ከፊንሰን ሕሙማን ጋር ያለው ልዩነት ይታያችሁ። መደንዘዝ በመስተዋት አይታይም። ስለ መደንዘዝ ዋናው ምስክር ሕመምተኛው ነው። ሕመሙም በባሕርይው አንድ ሳምንት ይብሳል፣ ሌላ ሳምንት ይለዝባል፤ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ በማሰር ብቻ የሚሻላቸውም አሉ። ስለዚህ «ከታከምሁ ወዲህ ተሻለኝ» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ያሻለው ሕክምናው ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

በስኳር ሕሙማን ዘንድ ነገሩ ይከብዳል። በ2002 ከቶሮንቶ የታተመ ጥናት ካርፓል ተነል ሲንድረምን ለማነጻጸሪያ በተመረጡ ሰዎች ላይ በ2 በመቶ፣ የነርቭ ጉዳት በሌላቸው የስኳር ሕሙማን ላይ በ14 በመቶ፣ የነርቭ ጉዳት ባለባቸው ላይ ደግሞ በ30 በመቶ አግኝቶታል። ምክንያቱ ድርብ ነው። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ከኮላጅን ጋር እየተጣበቀ በዋሻው ያሉትን ሕብረ ሕዋሳት ያደነድናል። ነርቩን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ስለሚጎዱ፣ ጤነኛ ነርቭ የሚችለውን ጫና የስኳር ሕመምተኛው ነርቭ አይችለውም። በውጭ የጠበበው ዋሻ፣ በውስጥ የተዳከመው ነርቭ ባንድነት ይሠራሉ።

ብርሃን ወደዚህ እጅ የደረሰው በሌዘር መንገድ ነው። ቴዎዶር ሜይማን በ1960 በካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ የመጀመሪያውን ሌዘር ከሩቢ ክሪስታል አበራ። በ1960ዎቹ ማብቂያ ግድም በቡዳፔስት የሚሠራው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር ጠጉራቸው የተላጨ አይጦችን ለደካማ የሩቢ ሌዘር አጋለጠ። ብርሃኑ ያረፈባቸው አይጦች ጠጉር ካላረፈባቸው ይልቅ ፈጥኖ በቀለ። ሜስተር ከዚያ በመነሣት አልድን ያለ ቁስልን በሌዘር ወደ ማከም አለፈ። ልብ በሉ፤ ግኝቱ ግኝት የሆነው ብርሃን ያላረፈባቸው አይጦች አጠገባቸው ስለነበሩ ነው።

በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በሕዋስ ውስጥ ያለውን «ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ» የተባለ ኢንዛይም ያነቃቃል የሚል ማብራሪያ ተስፋፋ። በየካቲት 2002 የአሜሪካ የምግብና መድኀኒት አስተዳደር 830 ናኖሜትር ሞገድ ያለው አንድ የሌዘር መሣሪያ ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ የእጅና የአንጓ ሕመምን ለጊዜው ለማስታገስ እንዲሸጥ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ከቦስተን 11 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ታተመ፤ ሕሙማኑ እውነተኛውንም የይስሙላውንም ሕክምና በየተራ ወስደው በእውነተኛው ሕመማቸው ቀነሰ። ሆኖም ከብርሃኑ ጋር ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለተሰጠ የትኛው እንደሠራ መለየት አይቻልም። በ2004 በካናዳ 15 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው ሌዘርና የይስሙላ ሌዘር ሲሰጣቸው ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም።

ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው! ይህን ዐረፍተ ነገር የታሪካችን መታጠፊያ አድርጌ እመለከተዋለሁ። የይስሙላው መብራት ባይኖር ኖሮ ከ15ቱ ሕሙማን የምንሰማው ምስጋና ብቻ ነበር። ኢንፍራሬድ ብርሃን በዐይን አይታይም። ይህ ባሕርይው ለማመን እንደሚመች ሁሉ ለመፈተንም ይመቻል፤ መሣሪያው መብራቱን ወይም መጥፋቱን ሕመምተኛውም አካሚውም ሳያውቁ ሙከራውን መፈጸም ይቻላልና።

የስኳር ሕሙማንን በቀጥታ የሚመለከተው ፈተና የተካሄደው በእጅ ሳይሆን በእግር ላይ ነበር። የ890 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ መሣሪያዎች በስኳር ሕመም የደነዘዘን እግር ስሜት ይመልሳሉ ተብለው በአሜሪካ ተስፋፍተው ነበር። በጥቅምት 2006 የአገሪቱ የአረጋውያን የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ለዚህ ሕክምና እንደማይከፍል ወሰነ። በ2008 የታተመ ጥናት 69 የስኳር ሕሙማንን በየቀኑ ለ40 ደቂቃ፣ ለ90 ቀናት ተከታተለ፤ የበራው መሣሪያ ከይስሙላው አልበለጠም። የእግሩ ውጤት ለእጁ ፍርድ አይሆንም፤ ጥንቃቄን ግን ያስተምራል። ስለ እጁ በ2017 የወጣው የኮክራን ግምገማ 22 ሙከራዎችንና 1153 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ማስረጃው እጅግ ዝቅተኛ ጥራት ያለው መሆኑንና የሌዘሩን ጥቅም የሚደግፍ መረጃ አለማግኘቱን ገለጠ።

«ታዲያ ጉዳት ከሌለው ቢሞከር ምን አለበት?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ይቀርብልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴ ግን ስለ ጊዜ ነው። ብርሃን በሕዋስ ውስጥ ምንም ቢሠራ የጠበበውን ዋሻ አያሰፋም። ተጨቁኖ የቆየ ነርቭ ይሞታል፤ የሟሸሸ ጡንቻም ሁልጊዜ አይመለስም። የስኳር ሕመምተኛ «ይህ የስኳሩ መደንዘዝ ነው» ተብሎ ሊዘገይ ይችላል፤ በብርሃን ተስፋ ደግሞ ዳግመኛ ሊዘገይ ይችላል። በ2009 ከስዊድን የታተመ ጥናት ግን 35 የስኳር ሕሙማንን ስኳር ከሌለባቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበረው አንድ ዓመት ሁለቱም ወገኖች በተመሳሳይ መጠን መሻላቸውን አሳይቷል። የሚዘገየው ሰው የሚያጣው ይህን ዕድል ነው። በተጨማሪም ሙቀት የሚሰጡ መብራቶች ስሜት ባጣ ቆዳ ላይ ሲውሉ ሕመምተኛው ሳይሰማው ሊያቃጥሉት እንደሚችሉ አትዘንጉ።

በሩ ተዘግቷል አልልም። የፊንሰን ታሪክ ማብራሪያው ቢሳሳትም ሕክምናው ሊሠራ እንደሚችል ያስተምረናል፤ የሌዘሩ ታሪክ ደግሞ ማብራሪያው ቢያምርም ሕክምናው ላይሠራ እንደሚችል ያስተምረናል። ወደፊት ሙከራ የምታካሂዱ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። የስኳር ሕሙማንን ለይታችሁ አጥኑ፤ ነርቫቸው የተለየ ነውና። የሕመምተኛውን ቃል ከነርቭ ፍጥነት ምርመራ ጋር አጣምሩ። የብርሃኑንም መጠን ለእኛ ሰው ቆዳ ለኩ፤ ሜላኒን ብርሃንን ስለሚስብ ለነጣ ቆዳ የተወሰነ መጠን በጠይም ቆዳ ሥር እኩል ይደርሳል ተብሎ አይታሰብም። ከሁሉም በላይ ግን ከበራው መብራት ጎን የጠፋውን መብራት አኑሩ።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። በሕክምና ታሪክ ግን ያደረ ሁሉ አልጠራም፤ የጠራው አነጻጽሮ የሚፈትን ሰው ያገኘው ነው።